ኮሌታው እንዲቀመጥ፦ ሸሚዝን ቤት ውስጥ መስፋት ከጨርቅ እስከ ቁልፍ

ሸሚዝ ተሰቅሎ ሲታይ ቀላል ልብስ ይመስላል። ሲፈታ ግን 18 ቁራጭ ይወጣዋል፦ ሁለት የፊት፣ አንድ የጀርባ፣ ሁለት የትከሻ (የውጪና የውስጥ)፣ ሁለት እጅጌ፣ ሁለት የኮሌታ፣ ኮሌታው የሚቆምበት ጠባብ ቁራጭ ሁለት (እዚህ «ማቆሚያ» እንለዋለን)፣ አራት የእጅጌ ማሰሪያ፣ የእጅጌ ስንጥቅ መሸፈኛ ሁለትና አንድ ኪስ። ከእነዚህ ውስጥ ችግር የሚፈጥሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ጎኑን መስፋት ሁለት ቀጥ ያሉ ስፌቶች ነው፣ ማንም ይችለዋል። ኮሌታው ግን በ2 ሚሊ ሜትር ስህተት ይጣመማል፣ የሰው ዓይንም መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ማብራሪያ ኮሌታ ላይና ኮሌታውን በሚያበላሹት ቅድመ ሥራዎች ላይ ረዘም ይላል፣ ሌላውን ቶሎ ያልፋል።

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። አንድ ቁልፍ ጎደለ ተብሎ ሁለተኛ የሚኬድበት መንገድ አይደለም። ለአንድ ረጅም እጅጌ ያለው የወንድ ሸሚዝ የሚያስፈልገው ይኼ ነው፦ ጨርቅ፣ በካውያ የሚጣበቅ ቀጭን ማጠንከሪያ ግማሽ ሜትር፣ ከጨርቁ በጥቂቱ የጠቆረ ቀለም ያለው ቀጭን የፖሊስተር ክር (በቁጥር 120)፣ 11.5 ሚ.ሜ ስፋት ያላቸው 12 ቁልፎች፣ ቁጥር 70 እና 80 የስፌት መኪና መርፌ፣ የእጅ መርፌ፣ ስፒልና ጠመኔ። ከ12ቱ ቁልፎች 7ቱ ፊት ለፊት፣ 2ቱ እጅጌ ላይ ይውላሉ፣ የቀሩት መጠባበቂያ ናቸው። ክሩን አጥቁሮ መግዛት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥቅል ላይ ያለ ክር ብዙ ሆኖ ስለሚታይ ይጠቁራል፣ አንድ ነጠላ ክር ሆኖ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ግን ይነጣል።

ለመጀመሪያ ሸሚዝ ፖፕሊን ወይም ከጥጥና ከፖሊስተር የተቀላቀለውን ተትሮን ምረጡ። ሁለቱም በጠመኔ ምልክት ይይዛሉ፣ በካውያ ይታጠፋሉ፣ ከመቀስም አያመልጡም። ሳቲንና ሌላ የሚያንሸራትት ጨርቅ፣ እንዲሁም የሚለጠጥ ጨርቅ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ንጹህ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዛችሁ ጭድ ከሌለበት ቦታ አቃጥሉት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጉብ ይሠራል። ሌላው የመደብር ውስጥ ፈተና ጨርቁን በእፍኝ ጨምድዶ መልቀቅ ነው። እጥፋቱ ቶሎ ከተዘረጋ ፖሊስተር ይበዛበታል፣ ካውያ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስንት ሜትር? መልሱ በጨርቁ ስፋት ይወሰናል። 150 ሳ.ሜ ስፋት ላለው 2 ሜትር፣ 115 ሳ.ሜ ለሆነው ደግሞ 2.5 ሜትር ለመካከለኛ ሰው ይበቃል። ትልልቅ ጥልፍልፍ ወይም መስመር ያለበት ከሆነ መስመሮቹን ለማገጣጠም ግማሽ ሜትር ጨምሩ። ሻጩ ጨርቁን ወጥሮ ሲለካ እስከ 5 ሳ.ሜ ሊጎድል ስለሚችል፣ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ላላ ብሎ ተኝቶ እንዲለካ በትህትና ጠይቁ።

ቤት እንደደረሳችሁ ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ያልታጠበ ጥጥ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጥራል፤ 76 ሳ.ሜ የነበረ ሸሚዝ ላይ ይህ እስከ 4 ሳ.ሜ ገደማ ማለት ነው። ከርዝመቱ መቀነስ የባሰው ጉዳት ኮሌታው ላይ ነው፤ ማጠንከሪያው ሳያጥር ጨርቁ ሲያጥር ኮሌታው እንደ ቆዳ በሽታ በትናንሽ አረፋ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ካውያ አያድነውም። ሸሚዙ ወደፊት በሚታጠብበት ውኃ (ለብ ያለ ከሆነ ለብ ያለ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛ) እጠቡ፣ ሳትጨምቁ ጥላ ውስጥ አስጡ፣ ጥቂት እርጥበት ሲቀረው ተኩሱት። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ።

ንድፉን ከአሮጌ ሸሚዝ ማውጣት

በቁጥር ብቻ ንድፍ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ለጀማሪ አስተማማኙ መንገድ በልክ የሚቀመጥ አሮጌ ሸሚዝ መፍታት ነው። ያረጀ የቤት ሸሚዝ ወይም ለዚሁ ሲባል የተገዛ ሳልባጅ ይሆናል። ግማሹን ብቻ ፍቱ፤ ቀኙን ስትፈቱ ግራው ሳይነካ ይቀመጥ። ያልተፈታው ግማሽ «ይኼ ከየት ጋር ነበር የተሰፋው?» ብላችሁ ስትደናገሩ መልስ ይሰጣችኋል። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ወይም በስፌት መፍቻ በየአምስት ጥልፉ ቁረጡና ክሩን ምዘዙ፣ ጨርቁን እየጎተታችሁ አትቅደዱ።

የተፈታውን ቁራጭ ሳትወጥሩ ተኩሳችሁ ወረቀት ላይ አስተኙት። ለንድፍ የሚሆን ወረቀት በከተማው ዳርቻ አይጠፋም፤ ግንባታ ባለበት የወረቀት የሲሚንቶ ከረጢት ከተገኘ የውስጠኛው ሽፋን ጥሩ ንድፍ ይወጣዋል። ደጅ አራግፋችሁ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ጥረጉት፣ የቀረ ብናኝ እርጥብ ጨርቅ ላይ ምልክት ይተዋል። ከዚያ የድሮው መርፌ የተወውን የቀዳዳ መስመር ተከትላችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ይህ የስፌት መስመር ነው። የመቁረጫው መስመር ከእሱ ውጪ ይሆናል፤ ለአንገት፣ ለኮሌታና ለማቆሚያ 6 ሚ.ሜ፣ ለትከሻና ለእጅጌ ማሰሪያ 1 ሳ.ሜ፣ ለብብትና ለጎን 1.5 ሳ.ሜ፣ ለታችኛው ጠርዝ 1.2 ሳ.ሜ ጨምሩ። አንገት አካባቢ ትርፉ ያነሰው ክብ መስመር ላይ ሰፊ ትርፍ ስለሚጨማደድና ልክ ስለሚያሳስት ነው።

የፊት ቁራጩ የተለየ ስሌት አለው። ከመሐል መስመሩ ውጪ 1.5 ሳ.ሜ ለቁልፍ መደራረብ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ለሚታጠፍ 3 ሳ.ሜ ሲደመር 3 ሳ.ሜ፤ በጠቅላላ 7.5 ሳ.ሜ። በዚህ አቆራረጥ የቁልፍ መስመሩ ሦስት ድርብርብ ጨርቅ ስለሚሆን ማጠንከሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አሮጌ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ይለጠጣል፣ የኮሌታ ማቆሚያው ግን ማጠንከሪያ ስላለው አይለጠጥም። ስለዚህ የአንገት መስመሩን ከማቆሚያው ጋር አስተያዩ፤ ከተለያዩ ማቆሚያውን እመኑና የአንገት መስመሩን አስተካክሉ። ለምሳሌ የሰውየው አንገት 39 ሳ.ሜ ከሆነ ለምቾት 1.5 ሳ.ሜ ጨምሩ (አንድ ጣት በነጻነት መግባት አለበት)። ከመሐል መስመር እስከ መሐል መስመር 40.5 ሳ.ሜ ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ 1.5 ሳ.ሜ የመደራረቢያ ሲታከል ማቆሚያው 43.5 ሳ.ሜ ነው። የአንገት መስመሩም ከጫፍ እስከ ጫፍ 43.5 ሊሆን ይገባል፣ ግን የሚለካው የስፌት መስመሩ ላይ እንጂ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ አይደለም። አንገት ወደ ውስጥ የገባ ክብ ስለሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ከስፌት መስመሩ 3 ሳ.ሜ ያህል ያንሳል። ጠርዙን ለክቶ «አጠረ» ብሎ አንገቱን ማስፋት ጨርቅ የሚያስጥል ስህተት ነው። ሜትሩን በራሱ ጠርዝ አቁማችሁ የስፌት መስመሩን እየተከተላችሁ ለኩ።

ደረቱ ቢጠብ ወይም ቢሰፋ እስከ 4 ሳ.ሜ ድረስ ጎን ላይ ማስተካከል ይቻላል፤ በአራቱ የጎን ጠርዞች ላይ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይከፈላል። ጎኑ ብብት ስር በጨመረ ቁጥር የእጅጌው ስርም በዚያው መጠን መጨመር አለበት፣ አለበለዚያ እጅጌው ከብብቱ አይገጥምም። ለውጡ ከ4 ሳ.ሜ በላይ ከሆነ ትከሻና ብብትም ስለሚለወጡ ሌላ ሸሚዝ መፈለጉ ይሻላል። በልክ የተሰፋ ሸሚዝ ደረት ላይ ከሰውነት ከ12 እስከ 16 ሳ.ሜ ሰፋ ይላል። ከዚያ ካነሰ ሲቀመጡ ቁልፎቹ መሐል ይከፈታል።

አቆራረጥ

ድርና ማግን የሚያውቅ ሰው የጨርቅ አቆራረጥ አይከብደውም። ድሩ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል፣ በጥብቅ የተወጠረ ስለሆነ አይለጠጥም። ድሩን አቋርጦ የሚያልፈው ማግ ጥቂት ይለጠጣል። በሰያፍ ሲሳብ ግን ጨርቁ እንደ ላስቲክ ይሆናል። የፊት፣ የጀርባና የእጅጌ ቁራጮች ርዝመታቸው በድሩ አቅጣጫ ይሁን። የትከሻ ቁራጩ፣ ኮሌታውና የእጅጌ ማሰሪያው ደግሞ ርዝመታቸው በማጉ ወይም በድሩ ቢሄድ ችግር የለውም፣ ዋናው ነገር በሰያፍ እንዳይሄዱ ነው። ድሩን ሳይጠብቁ የተቆረጠ እጅጌ ከታጠበ በኋላ ክንድ ላይ ይጠመዘዛል፣ የጎኑ ስፌት ወደ ፊት ይዞራል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ ማግኘት ይከብዳል። ወለሉ ላይ ንጹህ አንሶላ ዘርግታችሁ፣ ጨርቁን ዳርና ዳሩን አጋጥማችሁ በረጅሙ እጠፉት። 150 ሳ.ሜ የሆነው ጨርቅ ሲታጠፍ 75 ይሆናል፣ የፊትና የጀርባ ንድፍ ጎን ለጎን ይገባሉ። የጀርባው መሐል እጥፉ ላይ ይረፍ። ንድፉን በስፒል ያዙ ወይም በማንኪያ፣ በቁልፍ መያዣ፣ በሚከብድ ነገር ተጫኑት። ስትቆርጡ ጨርቁን ከወለሉ አታንሱት፣ የመቀሱ የታችኛው ምላስ ወለሉን እየዳሰሰ ይሂድ። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅ ያኝካል፤ ለጨርቅ ብቻ የሚሆን መቀስ ይኑራችሁ።

የአንገት መስመሩ በተቆረጠ በዚያው ደቂቃ፣ ቁራጩ ሳይሰቀልና ሳይጎተት፣ ከጠርዙ 4 ሚ.ሜ ገባ ብላችሁ በመኪና ዙሪያውን ነጠላ ስፌት አሳልፉበት። ይህ ስፌት ምንም ነገር አያያይዝም፣ ሥራው አንገቱ እንዳይለጠጥ መጠበቅ ነው። አንገት ክብ በመሆኑ ግማሹ መስመር በሰያፍ ይወድቃል፣ ቁራጩ ወንበር ላይ አንድ ሌሊት ተንጠልጥሎ ቢያድር እንኳ በራሱ ክብደት ይሰፋል። ኮሌታው «አልበቃ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መኪናውና ካውያው

በእግር የሚረገጥ ጥቁር ሲንጀር ለሸሚዝ ከበቂ በላይ ነው። ቀጥ ያለ ስፌቱ ጠንካራና ንጹህ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ጎማውን ወደ እናንተ ማዞር እንጂ ወደኋላ ማስኬድ አይገባም፣ ክሩ ከስር ይተበተባል። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ከርሞ እንደ ሙጫ ይደርቅና መኪናውን ያስራል።

ለፖፕሊን ቁጥር 70 መርፌ፣ ወፍራም ለሆነ ተትሮን 80 ያስፈልጋል። የስፌቱ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚ.ሜ፤ በድሮው መኪና አቆጣጠር በአንድ ኢንች ከ10 እስከ 12 ጥልፍ። መስፋት ከመጀመራችሁ በፊት ከተረፈው ጨርቅ ሁለት ድርብ ወስዳችሁ ሞክሩ። የላዩ ክር ከስር እንደ ቀለበት ከታየ የላዩ ውጥረት ላልቷል። የስሩ ክር በላይ በኩል ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከወጣ የላዩ ጠብቋል። ሁለቱ ጨርቁ መሐል ሲቆላለፉ ትክክል ነው። ስፌቱ ዙሪያ ጨርቁ ከተጨማደደ በቅደም ተከተል ፈትሹ፦ መርፌው ደንዝዟል ወይ? ክሩ ለጨርቁ ወፍራም ነው ወይ? ውጥረቱ ጠብቋል ወይ? እጃችሁ ጨርቁን ከኋላ ይስባል ወይ? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመርፌው ነው። መርፌ ርካሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሸሚዝ አዲስ አስገቡ።

ካውያ ከመኪናው እኩል ይሠራል። እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳያልፍበት በፊት መተኮስ አለበት። የኤሌክትሪክ ካውያ ያላቸው ሰዎች መብራት ባለበት ሰዓት ማጠንከሪያውን መለጠፍና እጥፋቶቹን ሁሉ መተኮስ ይችላሉ፣ መስፋቱ በኋላ በእግር ይቀጥላል። የከሰል ካውያም ይሠራል፣ ግን ሙቀቱን የሚነግር ቁጥር የለውም። ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩ፣ ሁልጊዜ ረጠብ ያለ ነጭ ጨርቅ በመሐል አድርጉ። ተትሮን በቀጥታ ቢነካው ያብለጨልጫል፣ ሲብስ ይቀልጣል። አመዱንና ፍሙን ደጅ አራግፋችሁ ግቡ፣ ክፍሉ ውስጥ መስኮት ይከፈት።

ማጠንከሪያው የሚለጠፈው በላይኛው ኮሌታ፣ በውጪው ማቆሚያና በውጪው የእጅጌ ማሰሪያ ላይ ነው። ከስፌት ትርፉ ላይ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ካልሆነ ጠርዙ ይወፍራል። ካውያውን አንድ ቦታ ተጭናችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙ፣ አንስታችሁ ቀጣዩ ቦታ ላይ አሳርፉ። እንደ ልብስ መተኮስ ማንሸራተት ጨርቁን ያዛባል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አታንቀሳቅሱት፤ ሙጫው የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ማጠንከሪያ ካልተገኘ የታጠበ አቡጀዲ በመሐል አድርጎ አብሮ መስፋት ጥንታዊና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ኮሌታው ጥቂት ይወፍራል እንጂ አረፋ አያወጣም።

አካሉን ማያያዝ

የፊት ቁራጮቹን የቁልፍ መስመር 3 ሳ.ሜ፣ ደግሞ 3 ሳ.ሜ አጥፋችሁ ተኩሱና ከውስጥ ጠርዙ 2 ሚ.ሜ ላይ ስፉት። ኪስ ካለ አሁን፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ይለጠፋል። የኪሱ የላይ ጫፎች ክብደት ስለሚበዛባቸው በትንሽ ሦስት ማዕዘን ደጋግማችሁ አጠንክሩ።

የትከሻ ቁራጩ ሁለት ድርብ ነው፣ ሁሉም ጥሬ ጠርዝ በመሐሉ ይደበቃል። መጀመሪያ የጀርባውን የላይ ጠርዝ በሁለቱ የትከሻ ቁራጮች መሐል አድርጋችሁ ሦስቱን በአንድ ላይ ስፉ፤ የውጪው ትከሻ በውጪ ገጹ ከጀርባው የውጪ ገጽ ጋር፣ የውስጡ ደግሞ ከስር በኩል ይገጥማል። ቀጥሎ የፊት ቁራጮቹን ከውጪው ትከሻ ጋር ገጽ ለገጽ (የውጪ ገጾቻቸው ተፋጥጠው) አያይዙ። አሁን ጀርባውንና ፊቶቹን እንደ ጥቅል እንጀራ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሏቸው፤ ጥቅሉ በሁለቱ ትከሻዎች መሐል ይተኛ። የውስጠኛውን ትከሻ በጥቅሉ ላይ አዙራችሁ ከፊቱ የትከሻ ጠርዝ ጋር አጋጥሙ፣ በመጀመሪያው ስፌት ላይ ደግማችሁ ስፉ። ከዚያ ሁሉንም በአንገቱ ክፍተት ጎትታችሁ አውጡት። ሲነበብ ግራ ያጋባል፣ አንድ ጊዜ በስፒል ብቻ ይዛችሁ ብትሞክሩት ግን እጃችሁ ይረዳዋል። ጥቅሉ ስፌቱ ውስጥ እንዳይያዝ ብቻ ተጠንቀቁ።

ኮሌታ

እጅጌ ከመግባቱ በፊት ኮሌታውን ግጠሙ። ሸሚዙ ገና ቀላልና ጠፍጣፋ ስለሆነ አንገቱ መኪናው ስር በነጻነት ይዞራል።

ኮሌታው ሲለበስ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ስለዚህ የላይኛው ቁራጭ ከስረኛው ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይጓዛል። ሁለቱን እኩል ቆርጦ የሰፋ ሰው ጫፎቹ ወደ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲጠቀለሉ ያያል። መድኃኒቱ የስረኛውን ኮሌታ በውጪ ጠርዙና በሁለቱ ጎኖቹ 2 ሚ.ሜ አሳንሶ መቁረጥ ነው። ስትሰፉ ግን ጠርዞቹን እኩል አድርጋችሁ በስፒል ያዙ፤ የላዩ ጥቂት ያብጣል፣ ይህ የሚፈለግ እብጠት ነው።

ገጽ ለገጽ አድርጋችሁ ሦስቱን ጎን ስፉ። ጫፉ ጋ ስትደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክላችሁ ወዲያው በ90 ዲግሪ አትዙሩ፤ አንድ ጥልፍ በሰያፍ ሰፍታችሁ ከዚያ ተጠማዘዙ። ያ አንድ ጥልፍ ለትርፉ ጨርቅ ቦታ ስለሚሰጠው ጫፉ ሲገለበጥ ስለታም ሆኖ ይወጣል። ትርፉን 3 ሚ.ሜ አስቀርታችሁ ከርክሙ፣ ጫፉ ላይ በሰያፍ ቁረጡ፣ ስፌቱን ግን እንዳትነኩ። ከመገልበጣችሁ በፊት ትርፉን በካውያ ክፈቱ። ጫፉን በመቀስ አትግፉት፣ ይቀደዳል፤ ጫፉ የዶለዶመ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ገልብጣችሁ ስትተኩሱ የስፌት መስመሩ በጥቂቱ ወደ ስረኛው በኩል ይሳብ፣ ከላይ እንዳይታይ። ከጠርዙ 6 ሚ.ሜ ላይ ጌጥ ስፌት አዙሩበት።

ማቆሚያው ላይ ሦስት ምልክት አድርጉ፦ መሐሉ፣ ሁለቱም የመሐል መስመሮች የሚያርፉባቸው ነጥቦች። ኮሌታው የሚጀምረውና የሚያልቀው በነዚህ ነጥቦች ላይ ነው፤ ከእነሱ ውጪ ያለው 1.5 ሳ.ሜ ለመደራረቢያው ነው። የውጪውን ማቆሚያ የታች ጠርዝ 6 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱት። አሁን ኮሌታውን በሁለቱ ማቆሚያዎች መሐል አስገቡት፤ የላይኛው ኮሌታ ገጹ ከውስጠኛው ማቆሚያ (አንገት ከሚነካው) ገጽ ጋር፣ ስረኛው ኮሌታ ከውጪው ማቆሚያ ጋር ይገናኛል። ይህ ከተገላበጠ ማጠንከሪያ ያለው ጎን ከስር ይቀራል። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ክቡን ዞራችሁ፣ ኮሌታውን አልፋችሁ፣ በሌላው ክብ ጨርሱ። ክቡ ላይ ስፌቱን ወደ 1.5 ሚ.ሜ አሳጥሩ። ሁለቱን ክቦች ከሰፋችሁ በኋላ አንዱን በሌላው ላይ አስተኝታችሁ አስተያዩ፤ የሚለያዩ ከሆነ አሁን ፍቱ። ሸሚዙ ሲቆለፍ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ልዩነታቸው አይደበቅም። ከዚያ ትርፉን 3 ሚ.ሜ አስቀርታችሁ ገልብጡ።

ከአንገቱ ጋር ሲገጠም፣ ያልታጠፈውን የውስጠኛ ማቆሚያ ገጽ በሸሚዙ የውስጥ ገጽ ላይ አድርጉ። መሐሉን ከጀርባው መሐል፣ ጫፎቹን ከቁልፍ መስመሩ ጠርዝ ጋር በትክክል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይወጣና ሳይገባ፣ በስፒል ያዙ። ከዚያ ነው መሐል ያለው የሚከፋፈለው። አንገቱ አልዘረጋ ካለ ጠባቂው ስፌት ድረስ በየ1.5 ሳ.ሜ መቀስ አስነኩት፤ ክቡ ቀጥ ካለው ማቆሚያ ጋር እንዲገጥም ይከፈታል። ሸሚዙ ከስር፣ ማቆሚያው ከላይ ሆኖ ስፉ። በመጨረሻ የውጪው ማቆሚያ የታጠፈው ጠርዝ የመጀመሪያውን ስፌት በ1 ሚ.ሜ ሸፍኖ እንዲያርፍ በእጅ ክር ያዙትና ከውጪ በኩል ጠርዙን ተከትላችሁ ስፉ። አብዛኛው መመሪያ በተቃራኒው ከውስጥ እንዲዘጋ ያዛል። እኛ ከውጪ መዝጋቱን የምንመርጠው የሚታየው ስፌት ዓይናችን ስር ስለሚሰፋ ነው።

ማቆሚያው ከአንገቱ 3 ወይም 4 ሚ.ሜ ቢያጥር አንገቱን በጥቂቱ እያቀፋችሁ (ሳታጨማድዱ እየሰበሰባችሁ) አስገቡት፣ አይታወቅም። 1 ሳ.ሜ ከሆነ ግን በመጎተት አታስታርቁት። አንገቱ ተለጥጦ ከሆነ የትከሻውን ስፌት ከማስነካት አዲስ ማቆሚያ መቁረጥ ይቀላል።

እጅጌ

ስንጥቁ ከእጅጌው የኋላ በኩል፣ ከስር ስፌቱ የእጅጌውን ስፋት ሩብ ያህል ገባ ብሎ ይቆረጣል፤ ርዝመቱ 12 ሳ.ሜ። ለመጀመሪያ ሸሚዝ ቀላሉን መሸፈኛ ተጠቀሙ፤ 3 ሳ.ሜ ስፋት፣ 26 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ጨርቅ። ስንጥቁን ቀጥ አድርጋችሁ ከፍታችሁ መሸፈኛውን ስፉበት። የመሸፈኛው ትርፍ ሁልጊዜ 6 ሚ.ሜ ነው፣ የእጅጌው ትርፍ ግን ስንጥቁ አናት ጋ ሲደርስ ወደ 2 ሚ.ሜ ይጠባል። እዚያ ላይ ነው እጅጌው የሚቀደደው፣ ስለዚህ አናቱን በአጭር ስፌት ደግማችሁ እለፉበት። ከዚያ መሸፈኛውን አጥፋችሁ ዝጉ።

የእጅጌው ራስ ከብብቱ ከ1 እስከ 1.5 ሳ.ሜ ብቻ መርዘም አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ትከሻው ላይ ሽንሽን ይሠራል፣ ያ ለቀሚስ ያምራል እንጂ ለክላሲክ ሸሚዝ አይሆንም። ጎኑ ሳይዘጋ እጅጌውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ስፉ፣ እጅጌው ከስር ይሁን፤ የመኪናው ጥርስ የስሩን ጨርቅ ስለሚገፋ ትርፉን ራሱ ያቅፍላችኋል። ኦቨርሎክ (ጥሬ ጠርዝ የሚዘጋ መኪና) ቤት ውስጥ ስለማይገኝ ጥሬ ጠርዙን መጠቅለል ነው፤ የአካሉን ትርፍ 6 ሚ.ሜ አስቀርታችሁ ከርክሙ፣ የእጅጌውን ሰፊ ትርፍ በእሱ ላይ አጥፉት፣ ወደ አካሉ አስተኝታችሁ ተኩሱ፣ ሁለተኛ ስፌት አሳልፉበት። የጎኑም እንዲሁ ይዘጋል፤ ከሸሚዙ ጠርዝ ጀምሮ ብብቱን አልፎ እስከ እጅጌው ጫፍ በአንድ ጉዞ። ብብት ላይ የሚገናኙት አራት ስፌቶች እንዲገጥሙ መጀመሪያ እዚያ ስፒል ውጉ።

ማሰሪያው ከእጅ አንጓ ዙሪያ 6 ሳ.ሜ ያህል ይረዝማል፣ ለመደራረቢያ ሌላ 2 ሳ.ሜ። ስፋቱ ከ6 እስከ 6.5 ሳ.ሜ። ትርፉን የእጅጌ ስፋት ከስንጥቁ አጠገብ በሁለት ሽንሽን ሰብስቡ። አሠራሩ ከማቆሚያው ጋር አንድ ነው።

ጠርዝና ቁልፍ

የታችኛው ጠርዝ ክብ ከሆነ እጥፉ ይጥበብ፤ 6 ሚ.ሜ፣ ደግሞ 6 ሚ.ሜ። ሰፊ እጥፍ ክብ ላይ ይጠመዘዛል፣ የውጪው ጠርዝ ከሚያርፍበት መስመር ስለሚረዝም። መጀመሪያ 6 ሚ.ሜ ላይ ስፌት ብታሳልፉ እጥፉ ያንን መስመር ተከትሎ በካውያ ይተኛል።

የቁልፍ ቀዳዳ በወንድ ሸሚዝ ግራ ፊት፣ በሴት ሸሚዝ ቀኝ ፊት ላይ ነው። ማቆሚያው ላይ ያለው አግድም፣ የቀሩት ቁም ናቸው። የቀዳዳው ርዝመት የቁልፉ ስፋት ሲደመር ውፍረቱ ነው፤ ለ11.5 ሚ.ሜ ቁልፍ 14 ሚ.ሜ ይበቃል። ከማቆሚያው ቀዳዳ እስከ ቀጣዩ 7 ሳ.ሜ፣ ከዚያ በታች በየ9 ሳ.ሜ። አንዱ ቁልፍ ደረቱ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ማረፍ አለበት፣ የሴት ሸሚዝ ከሆነ ይህን መጀመሪያ ወስናችሁ ሌላውን ከእሱ ለኩ።

የቀዳዳ ማሽን ያላቸው ሱቆች በክፍያ ይሠሩላችኋል። መስከረም ሲቃረብ የተማሪ ዩኒፎርም ስለሚበዛባቸው ግን ሳምንት ሊያስጠብቁ ይችላሉ። በእጅ መሥራትም ይቻላል። 60 ሳ.ሜ ክር በሰም እሹት፣ ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ በካውያ እለፉበት፤ ክሩ አይተበተብም። በቀዳዳው መስመር ዙሪያ ከ1.5 ሚ.ሜ ርቀት ላይ ትንንሽ ጥልፍ አዙሩ፣ ከዚያ መሐሉን በስለታም ምላጭ ቅደዱ። ጥልፉን ከመቅደድ ማስቀደም ጨርቁ እንዳይተረተር ነው። ጠርዙን በቀዳዳ ጥልፍ (በየጥልፉ ክሩ ጠርዙ ላይ የሚቋጠርበት) አጠጋግታችሁ ሸፍኑ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት ጊዜ አግድም ክር አሳልፋችሁ እሰሩ። አንድ ቀዳዳ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተለማመዱ።

ቁልፉን ስትሰፉ ከላዩ የክብሪት እንጨት አድርጋችሁ በእንጨቱ ላይ ስድስት ጊዜ አመላልሱ፣ እንጨቱን አውጡ፣ ቁልፉን ወደ ላይ ስባችሁ ክሩን ከስሩ አራት ጊዜ ጠምጥሙበት። ያ 2 ሚ.ሜ አንገት ከሌለ ቁልፉ ሦስት ድርብ ጨርቅን ተጭኖ ይጨማድዳል፣ ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። ከመጠባበቂያዎቹ አንዱን ቁልፍ በግራው የጎን ስፌት ውስጠኛ ታች ላይ ስፉት። የሲሚንቶ ወረቀቱን ንድፍ ደግሞ አትጠፉት፣ እጥፋት መስመሩን ያዛባል፤ ጠቅልላችሁ፣ የሰውየውን አንገት፣ ደረትና እጅጌ ልክ ከነቀኑ ጽፋችሁበት አስቀምጡት።